እናቴ እየሳቀች የፈረመችው ወረቀት

ልጅ ሆኜ የኖርንበት የኮሎምቢያ ሃይትስ አፓርታማ ኮሪደር ሁልጊዜ የተቁላላ ሽንኩርት፣ የእርጥብ ምንጣፍና የበረዶ ጫማ ሽታ ነበረው። ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ግን ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ዊንተር ሲገባ ውጭ መጫወት ስለማይቻል እኛ የሕንፃው ሴቶች ልጆች እዚያ ወርደን የእናቴን የተተረተረ ስቶኪንግ ቋጥረን ሱዚ እንዘል ነበር። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ማውራት አያስፈልግም። ክፍሉን የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል። አፍ የሌለኝ ልጅ ነበርኩ። አስተማሪያችን ስሜን ስትጠራ እንኳ እጄን ብቻ ነበር የማነሳው።

አጎቴ ደምሴ ይህን ስለሚያውቅ እሁድ እሁድ ሲመጣ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ «እሺ፣ በዚህ ሳምንት ስንት ቃል ተናገርሽ?» ይለኛል።

«አስር።»

«ውሸታም! ሦስት ነው። ሁለቱ ‹የስ› እና ‹ኖ› ናቸው» ይልና ከኪሱ የሞቀ ብርቱካን ያወጣልኛል። ያን ብርቱካን እየላጥኩ ከእሱ ጋር ብቻ ብዙ አወራ ነበር።

ደምሴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አዳማ እያሉ እናታቸው ገበያ ስትውል በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እናቴ ናት። ኒው ሆፕ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ የሚሠራው ኤደን ፕሬሪ ካለ መጋዘን ነው። በዚህ አገር እናቴ ከእሱ ሌላ የሥጋ ዘመድ አልነበራትም። አባቴ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ሦስትና አራት ሳምንት ከቤት ይጠፋል።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ እናቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። ሐኪሟ የደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳያገኝሽ ብሏታል። ያንን ያስተረጎምኩላት እኔ ነበርኩ። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ክሊኒክም ሆነ ካውንቲ የሚሉት የመንግሥት ቢሮ ስንሄድ በዚያች በሌለች አፌ የምናገርላት እኔ ነኝ።

ደምሴ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ገብቶ ተኛ፤ በዚያው አልነቃም። ልቡ ነው አሉ። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

የነገሩኝ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ በላቸው ናቸው። ከትምህርት ቤት ባስ ስወርድ መኪናቸውን አስነስተው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። «ግቢ የኔ ልጅ፣ ይበርድሻል» አሉኝ። ነግረውኝ ገና ማልቀስ ስጀምር እጄን ያዙ። «አሁን አይደለም። እቤት ስትገቢ ፊትሽ እንዳያሳብቅ። አባትሽም በስልክ ሰምቷል፤ እናትሽ እስክትወልድ ጆሮዋ እንዳይደርስ ብሏል።»

በእኛ ዘንድ ሞት እንደ ወሬ አይነገርም። ትልልቅ ሰዎች ይመካከራሉ፣ ቀን ይመርጣሉ፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ሄደው መርዶውን ይናገራሉ። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። ስለዚህ ለእናቴ ደምሴ በድንገት ሥራ አግኝቶ ሳውዝ ዳኮታ ሄደ፣ ስልክ የሌለበት ቦታ ነው ተባለ። «ሳይሰናበተኝ! ይምጣ ብቻ፣ እኔ ነኝ የማሳየው» ብላ ተቆጣች። ወደ አዳማ እንዳትደውል የስልክ ካርዷን የደበቅሁት እኔ ነኝ።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር፤ አያቴ ግን ልጄን አፈር የማለብሰው እኔ ነኝ፣ ላኩልኝ ብላ ከአዳማ ላከች። አስከሬን በአውሮፕላን ለመላክ ደግሞ ከካውንቲ የሚወጣ፣ ማኅተም ያለበት የሞት ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ለማንም አይሰጥም፤ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለእህት ወይም ለወንድም ብቻ ነው። ጋሽ በላቸው ራሳቸው ሄደው ሞክረው ነበር።

«ወንድሜ ነው አልኳት መስኮቱ ላይ ያለችዋን ሴት» አሉኝ መሪውን እያሹ። «ኮምፒዩተሯን ገና ሳትነካ የእናትህን ስም ንገረኝ አለችኝ። የእናቴን ስም ነገርኳት። እሷ ደግሞ ፎርሙ ላይ የጻፍኩትን የእሱን እናት ኖሯል የምትጠይቀኝ! ከመጣ ጀምሮ ከማዕዴ ያልተለየ ሰው ወንድም ካልተባለ ምን ይባላል? አትሰማም።»

የቀረችው እህቱ ናት። እናቴ ራሷ፣ መታወቂያዋን ይዛ፣ ፈርማ ማውጣት ነበረባት፤ የምታወጣው ምን እንደሆነ ግን ማወቅ አልነበረባትም። ይህን ማድረግ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፎርሙን በማግስቱ እዚያው መኪና ውስጥ ሞላሁት። አጻጻፌ ቆንጆ ስለነበረ በጥንቃቄ ጻፍኩ፤ ዝምድና በሚለው ቦታ እህት የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ጋሽ በላቸው አንድ ቃል አስጠኑኝ። «መስኮቱ ላይ ሞተ አይሉም። ‹ዲሲስድ› ነው የሚሉት። እናትሽ ያንን አታውቀውም። ሌላኛውን የሞት ቃል ታውቀዋለች፤ እሱ ከአፍሽ እንዳይወጣ።» ለእናቴ የሚወለደው ልጅ የሕክምና ወረቀት ነው አልናት። ካውንቲ ሁልጊዜ አንድ ወረቀት ስለሚጎድለው አላጠራጠራትም።

የሄድን ቀን በረዶው ሰማያዊ እስኪመስል ይበርድ ነበር። ጋሽ በላቸው መኪና ውስጥ ቀሩ። «እኔን አይታኛለች፣ ከገባሁ ነገር ይበላሻል» አሉ በጆሮዬ። እናቴ አባቴ የተወውን ትልቅ ጃኬት ለብሳ፣ ሆዷ አላዘጋ ብሎት፣ በአንድ እጇ እኔን በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ ገባች። ቁጥር ወስደን ተቀመጥን። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፤ ክፍሉ የረጠበ ሱፍ ይሸታል።

ቁጥራችን ሲጠራ ፎርሙን በመስኮቱ ሥር አሾለክሁት። የአጎቴን ስም በአፌ ላለመጥራት ነው፤ ስም በየትኛውም ቋንቋ ያው ስም ነው። ሴትየዋ ፎርሙን እያየች ኮምፒዩተሯ ላይ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። በዚህ ስም የተመዘገበ የለም አለችኝ። ሌላ የአባት ስም ይጠቀም ነበር ወይ ስትለኝ ገባኝ። እኛ ስሙንና የአባቱን ስም ነበር የጻፍነው፤ እዚህ አገር ሲገባ ግን ወረቀቱ ላይ መጨረሻ የተጻፈው የአያቱ ስም ነው። የእናቴ መታወቂያ ላይ ያለው የአባቷ ስም ብቻ ነው፤ የአያቷን ስም ደግሞ እኔ አላውቅም። ጋሽ በላቸውም አያውቁም።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። «ሕፃኑ አጎት አለው ወይ ትላለች» አልኳት። «ሙሉ ስሙን፣ እስከ አያት።»

እናቴ ሳቀች። እንደዚያ ከሳቀች ሰንብታ ነበር። «ይሄንንም ይጠይቃሉ? አለው በያት እንጂ! ያውም የመሰለ አጎት!» ብላ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችና ራሷ ተናገረች፤ «ደምሴ ወልዴ ገብረማርያም።» እንዳይሳሳቱባት ገብረማርያምን ሁለት ጊዜ ደገመችው። «ሳውዝ ዳኮታ ነው ያለው፣ ለክርስትናው ይመጣል በያት።»

የአያቱን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ለሴትየዋ ቆጠርኩላት። ሴትየዋ ጻፈች፤ ጣቷ ቆመ። አገኘችው። እናቴ በስሙ ጠርታ ወንድሟን ከሞቱት መሐል አስወጣችው። ሴትየዋ ቀና ብላ መጀመሪያ የእናቴን ሆድ፣ ቀጥሎ የሚስቀውን ፊቷን አየች። ግራ እንደገባት ያስታውቅ ነበር። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ በደረሰባችሁ ሐዘን በጣም አዝናለሁ አለቻት።

«ምን አለች?»

«ማርያም በሽልም ታውጣሽ ትላለች።»

«አሜን! ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ» አለች እናቴ፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ። ከዚያ መታወቂያዋን ሰጠች፣ ያሳየኋት መስመር ላይ ፈረመች። የወጣው ወረቀት ወፍራም ነው፤ ጠርዙ እንደ ጥልፍ የተሠራ፣ ጥጉ ላይ ያለ ቀለም የተረገጠ ማኅተም ያለበት። እናቴ በጣቷ ማኅተሙን ዳበሰችው። «እዩት እስቲ፣ ለልጅ ወረቀት እንኳ እንዴት ይጠነቀቃሉ» አለች።

ስንመለስ ስለ ሕፃኑ ስም ስታወራ መጣች፤ ደምሴ ያውጣለት አለች። ጋሽ በላቸው አንድም ጊዜ ዞር ሳይሉ ነዱ። ስንወርድ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ጎበዝ» አሉኝ። ምድር ቤት ወርጄ ከማድረቂያው ገና የወጣ የሰው አንሶላ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ማሽኖቹ እስኪቆሙ አለቀስኩ።

አጎቴ ተልኮ አዳማ ተቀበረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድሜ በሰላም ተወለደ። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ፤ ደምሴን በረዶ መንገድ ዘጋበት አልናት። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል በራችን ተንኳኳ። እናቴ ሕፃኑን እንደታቀፈች ከፈተች። ኮሪደሩ ላይ ሰዎች ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰው ተደርድረዋል። ማንም ሳይናገር «የማን ነው?» አለች። ሕፃኑን የተቀበልኳት እኔ ነኝ። የዚያን ጩኸት ነገር አልጽፈውም።

ሐዘኑ ረገብ ሲል ጋሽ በላቸው የቀረውን አንድ ቅጂ አመጡላት። እናቴ ምን እንደተጻፈበት ማንበብ አትችልም። ጣቷ ግን ጥጉ ላይ ያለውን ማኅተም አገኘው፤ እዚያው ቀረ።

«ይሄን ማን ነው ያወጣው?»

«አንቺው ነሽ እህቴ አስቴር። ፈርመሽ» አሉ ጋሽ በላቸው መሬት መሬት እያዩ። «ለሕፃኑ ብለን ነው።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ታውቂ ነበር?» ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። «ስስቅ እያየሽ?»

አልመታችኝም፣ አልጮኸችብኝም። «እኔ ወንድሜን እየሳቅሁ ሸኘሁት» ብላ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አስተርጉሚልኝ ብላኝ አታውቅም። ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ተማረች፤ «ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ።» አስተርጓሚ በስልክ ይቀርብላታል፤ እኔ ውጭ እቀመጣለሁ። የዚያኑ ዓመት መቃብሩን ላየው ብላ እኔንና ሕፃኑን ይዛ አዳማ ሄደች። ለሦስት ወር ነበር፤ ስምንት ዓመት ሆነ። አያቴ ታመመች፣ ሕፃኑን የምይዘው እኔ ሆንኩ፣ ትምህርቴ በዚያው በስድስተኛ ክፍል ቀረ። ይህን የምጽፍበትን አማርኛ የተማርኩት የሠፈር ሰው ደብዳቤ እያነበብኩ ነው። ተመልሰን ስንመጣ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። ማሽኖቹ አሁንም ይጮኻሉ፤ አሁንም እወዳቸዋለሁ።

ዘንድሮ ሞትን የሚደብቅ የለም። ትልልቆቹ ገና ሳይሰበሰቡ ፎቶው ከነሻማው ስልክ ላይ ይወጣል፤ ሰው ሥራ ቦታ ቆሞ፣ ባስ ውስጥ ተቀምጦ የእናቱን ሞት ያነባል። መርዶ ቀረ እያሉ የሚያዝኑ አሉ። እኔም አንዳንዴ አዝናለሁ፤ የሚያረዱህ ሰዎች ቢያንስ ሊደግፉህ እጃቸውን ዘርግተው ነበር የሚመጡት። ወንድሜ አሁን ከእኔ ይረዝማል፤ በአማርኛ ስናናግረው በእንግሊዝኛ ይመልሳል። እውነቱ ያን ቀን ቢነገር ይኖር ይሆን፣ አይኖር ይሆን፣ የሚያውቅ የለም። እናቴም ይህን ጠይቃ አታውቅም። እኔ ግን እሱን ባየሁ ቁጥር ጋሽ በላቸውን ለመውቀስ አፌ አይፈታም።

ባለፈው ወር እናቴን ክሊኒክ ወሰድኳት። በስልክ የሚቀርብ የአማርኛ አስተርጓሚ ለጊዜው የለም ተባለ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ ልጇ ነሽ ወይ፣ መንገር ትችያለሽ ወይ አለችኝ። እናቴ የተባለው ገብቷታል። ትክ ብላ አየችኝ።

«ንገሪኝ» አለች። «ግን ሳትቀንሺ።»

ሐኪሟ ቀስ እያለች ተናገረች። እኔም እግር በእግር ተከተልኳት። «ካንሰር ነው እማ። ከጉበትሽ ወደ ሳንባሽም ሄዷል። ማዳን አይቻልም፣ ማዘግየት ግን ይቻላል ትላለች።» እናቴ ሻሿን አስተካከለች።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ እማ።»

ፊቴን ስትመረምር ቆየች። ከዚያ በአገጯ ወደ ሐኪሟ አመለከተች። «እስቲ ጠይቂያት» አለችኝ። «ልጄ ሁሉንም ነግራኛለች ወይ በያት።»

ሐኪሟ ሁለታችንንም እያየች ትጠብቃለች። ወደ እሷ ዞሬ፣ እናቴ እንዳለችው፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ ጠየቅኋት።