ወጌሻው አጥንት ብቻ ነው የሚያውቀው

ጫላቸው ወጌሻ ነው። ካርቲየ 1 በሚባል የወደብ ከተማ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንዲት የስልክ ካርድ መሸጫ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የተሰበረ ሲያቃና የወለቀ ሲመልስ ኖሯል። ሙያው የአባቱ ነው። አባቱ ምድር ባቡር ሊሠራ ከድሬዳዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር፤ ሐዲድ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። ወደ ጫላቸው ደግሞ የወደብ ተሸካሚዎች፣ ኳስ ሲጫወቱ የወደቁ ጎረምሶች፣ ወደ የመን ሊሻገሩ ሲመጡ መንገድ ላይ የተሰበሩ ያገሩ ልጆች ይመጣሉ። ሶማሊኛና አፋርኛ እንደ አማርኛው ይናገራል። ከፈረንሳይኛ ግን ለቃቅሞ ነው የያዘው። ከለቀማቸው ቃላት አንዱ «ሻርላታን» ነው። አንድ ነርስ ወንድሙ እዚህ መታሸቱን ሰምቶ በሩ ላይ ቆሞ የጮኸበት ቃል ነው። አጭበርባሪ ማለት እንደሆነ የነገረችው ልጁ በእምነት ናት።

ሚስቱ ሻሼ ካርቲየ 5 ሳምቡሳ ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ለባሏ አሳየችው። ዳሰሰና እጁን ሰበሰበ።

«ይኼ የኔ ሥራ አይደለም» አላት። «እኔ የማውቀው አጥንት ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ሻሼ ሐኪም ቤት ትፈራለች። ታላቅ እህቷ ለቀዶ ጥገና ገብታ በሕይወት አልወጣችም። ስለዚህ ጋሽ ደጉ ዘንድ ሄደች። ደጉ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሥርና ቅጠል የሚቀምም ሽማግሌ ነው። ስሙ በክፉ አይነሳም፤ ላጣ ሰው በነጻ ይሰጣል፣ የቀመመውንም መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። እብጠቱን አይቶ «አይዞሽ፣ ይፈርጣል» አላት። በማር የሚዋጥ ዱቄትና የሚለጠፍ ቅጠል ሰጣት።

ወራት አለፉ። እብጠቱ አልፈረጠም።

«ሻሼ፣ ይኼ ነገር እያደገ ነው» አላት ጫላቸው ምሳ እየበሉ።

«ሊፈርጥ ሲል ያድጋል ብሎኛል።»

«ደጉ ስለዚህ ነገር ምን ያውቃል? ዝም ብሎ ነው እኮ።»

ሻሼ ቀና ብላ አየችው። «አንተንስ እንዲሁ ይሉህ የለ?»

ጫላቸው ማስረጃ አምጣ ቢሉት በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎችን ነው የሚጠራው። ደጉም የሚጠራቸው ሰዎች አሉት። ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ሊነግራት ፈልጎ ነበር፤ ግን እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ። ከዚያ በኋላ ስለ እብጠቱ አላነሳም።

ሙቀቱ በበረታበት ወቅት እብጠቱ ቆሰለ። ቤቱ ውስጥ የቁስሉ ሽታ ገባ። በእምነት ናት እናቷን በግድ ታክሲ ውስጥ ያስገባቻት። ዶክተር ኒዛር የሚባል ወጣት ሐኪም መረመራት፤ በእምነት ከፈረንሳይኛ ታስተረጉም ነበር። ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል አለ። ቀጥሎ አንድ ነገር ጠየቀ፣ ጠንከር ባለ ድምፅ። በእምነት ይኼን አላስተረጎመችውም። ጫላቸው ግን ገብቶታል። እስካሁን የት ነበራችሁ ነው ያለው።

ሻሼ በጥቅምት ሞተች።

ደጉ ለቅሶ መጣ። ከጫላቸው አጠገብ ተቀምጦ፣ «እግዜር ያጽናህ» አለው። «መድኃኒቱን ባታቋርጥ ኖሮ… ትንሽ ነበር የቀራት።»

በእምነት ከተቀመጠችበት ተነሥታ ጮኸችበት። ሴቶች አቅፈው ወደ ውጭ ወሰዷት። ጫላቸው ቁጣው እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም። የደጉን ፊት አየው፤ ያለቅሳል፣ የምሩን ነው የሚያለቅሰው። ሐኪሙ ዘገየች አለ፣ ይኼ ደግሞ ቸኮለች ይላል። ጫላቸው ውሃ ቀዳና ሰጠው።

ወደ ሥራው ሲመለስ ሁለት ዓይነት ወሬ ደረሰው። አንደኛው፣ ወጌሻው ራሱ በባህል ሕክምና ስላላመነ ሚስቱን ሐኪም ቤት ወሰዳት የሚል ነው። ሌላው፣ ሐኪም ቤት አጠገቡ እያለ በቅጠል ገደላት ይላል። ሁለቱንም የማያውቀው ሰው ጉዳይ ይመስል ሰማ።

ከፋሲካ በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ ስለ ባህል ሕክምና ውይይት ተጠራ። በእምነት እጁን ይዛ ወሰደችው። ዶክተር ኒዛር ተነሥቶ፣ መጠኑ ያልተለካ፣ ማንም ያልመረመረው ነገር መድኃኒት አይባልም አለ። ተጨበጨበለት። ደጉ ተነሥቶ፣ ታዲያ አባቶቻችን በምን ዳኑ አለ። ለእሱም ተጨበጨበ። ከዚያ ሰብሳቢው ጫላቸውን እንዲናገር ጋበዘው።

«አጥንት አቃናለሁ» አለ ጫላቸው። «አጥንቱ ሥጋ ቀዶ ከወጣ፣ ወይ ጣቱ ከጠቆረ ሐኪም ቤት እልካለሁ። ሌላ አላውቅም።»

«እሺ ጋሽ ጫላቸው፣ የባህል ሕክምና እውነት ነው ወይስ ማጭበርበር?» አለው ሰብሳቢው።

«የቱ?» አለ።

ሰው ሳቀ። እሱ ግን ለማሳቅ ብሎ አልነበረም። የቱን እንደሆነ እስኪነግሩት ቆሞ ጠበቀ፤ የሚነግረው ሲያጣ ተቀመጠ።

ወደ ቤት ሲመለሱ በእምነት፣ «አባዬ፣ ጋሽ ደጉን እንክሰሰው» አለችው።

«ከፈለግሽ ክሰሺው።»

«አንተስ?»

«እኔ ነገ ሥራ አለኝ።»

በእምነት አልከሰሰችም። ነገር ግን ለወራት ያህል አባቷ ቤት ስትመጣ ምሳውን አስቀምጣ ትሄዳለች እንጂ አትቀመጥም ነበር።

በውይይቱ ማግስት ትከሻው የወለቀ አንድ ተሸካሚ ይዘው መጡ። ጫላቸው ክንዱን ያዘ፣ አሽከረከረ፣ ገፋ። ሰውየው ጮኸ፤ ወዲያው ደግሞ ሕመሙ ሲለቀው እየሳቀ የወጌሻውን እጅ ሳመ። ድሮ ትከሻ ቦታው ሲገባ ጫላቸውም አብሮ ይቀለው ነበር። አሁን የአጥንቱን ድምፅ ብቻ ሰማ። እጁን በጨርቅ ጠረገና በሩን ከፈት አድርጎ፣ «ቀጥሎ ያለው ይግባ» አለ።