የጁምዓ ከሰዓት ታንኳ

ኑርሁሴን ከሚሴ አስፋልት ዳር፣ በረንዳ ላይ ሲሰፋ የኖረ ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ቀና ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይፈጥናል። ለማክሰኞ ብሎ የተቀበለውን ሱሪ ለጁምዓ ቢያደርስ ነው፤ ደንበኛው ሲቆጣ አስቆ ይሸኘዋል። ክፋት የለበትም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ ጓደኞቹ እሱ ቤት ተሰብስበው ይቅማሉ። በዚያ ሰሞን ወሬያቸው ሁሉ የዓሣ ጉዞ ነበር። ነገሩን ያመጣው እንድሪስ ነው። እንድሪስ ጨፋ ውስጥ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ተወልዶ በመንጠቆ አምባዛ ሲይዝ ያደገ፣ ኋላም ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ኩላሊቱ ታሞ መሪውን ከለቀቀ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ከሐይቅ ከተማ ወዲያ፣ ሰው የማይበዛበት አርዲቦ ሐይቅ ሄዶ፣ ታንኳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ዓሣ ማጥመድ። «አቅሜ ሳያልቅ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ኑርሁሴን እልል ብሎ ተቀበለው። ግን ጫቱ ሞቅ ባደረገው ቁጥር ዕቅዱም አብሮ ያብጣል። መጀመሪያ አንድ ታንኳ ለምነው ሊሄዱ ነበር። በሚቀጥለው ጁምዓ ታንኳው በዛ። ከዚያ ባጃጅ ነጂው ቶፊቅ ደንገል አጭደን ራሳችን እንሥራው አለ፤ ድንኳን ተጨመረ፣ በግ ተጨመረ፣ ሐይቁ ዳር ማደር ተጨመረ። መጨረሻው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው።

«በቃ! ነገ ፈጅር ሰግደን እንነሳለን፣ እንድሪስን ከቤቱ እንወስደዋለን፣ ኢንሻአላህ!» ይላል ኑርሁሴን። ዱዓ ይደረጋል፤ አሚን ይባላል።

ቅዳሜ ጧት ሁሉም ያረፍዳል። የምርቃና ቃል ከምርቃናው ጋር እንደሚወርድ የቃመ ሁሉ ያውቃልና ማንም ማንንም አይወቅስም። እንድሪስም ወቅሶ አያውቅም። በየጁምዓው ፊቱ እያበጠ፣ ቀስ እያለ ይመጣና ባዶ እጁን ጥግ ይዞ ያዳምጣል። ጫት ሐኪም ከከለከለው ቆይቷል።

ረመዳን ሳይገባ እንድሪስ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ኑርሁሴን እንደ ወንድሙ አለቀሰ፤ እንባውም እውነተኛ ነበር። ሰው ሲቀል የእንድሪስ ሚስት መሪማ ወደ ጓዳው በር ጠራችው።

«ኑርሁሴን ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ።»

«ወላሂ አልቀየምም።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እየገጠማችሁ ነበር የምትቀሩት?»

ኑርሁሴን ጥያቄው አልገባውም።

«ፈጅር ሰግዶ፣ ጃኬቱን ደርቦ፣ ደጅ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር» አለች። «ፀሐይ እስኪያቃጥለው። ግባ ስለው ‹ቃል ሰጥተውኛል እኮ› ይለኛል። መጨረሻ ላይማ መቆም አቅቶት እኔ ነኝ ደግፌ ያስቀመጥኩት።»

ኑርሁሴን ያን ጊዜ ገባው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የማይቅመው እንድሪስ ብቻ ነበር፤ የተባለውንም እንደተባለ የሰማው እሱ ብቻ ነው። በየቅዳሜው እነሱ ተኝተው ሳለ የታመመ ሰው ደጅ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ።

«መኪና... መኪና እየጠፋ ነው፣ መሪማ» አላት።

የመሪማ ፊት ዘና አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ «እሱም ‹መኪና ጠፍቶባቸው ነው› እያለ ነው የሞተው።»