ከድር አሚን ያለ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ኑሪያ ደወለችልኝ።

«ዘይነባ፣ ነይ እስቲ። አንዲት ሴት ልጇን ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ አልገባም ብላ ዝናብ እየመታት ነው» አለችኝ።

የኑሪያ ቤት እዚሁ ሮቤ፣ ከእኔ ቤት ብዙም አይርቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኗ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆችና በወላጆቻቸው ይሞላል። ልጆች የምላቸው በልማድ ነው እንጂ ጺማቸው የሸበተም አለበት። አንዱ ጥግ ይዞ ይወዛወዛል፣ አንዷ መብራት ታበራለች ታጠፋለች፣ እናቶች ሻይ ይጠጣሉ፤ ማንም ማንንም ይቅርታ አይጠይቅም። ሻርፔን ተከናንቤ ወጣሁ። ከጎባ በኩል የወረደው ጭጋግ መንገዱን ይዞታል። በር ላይ ስለቆመችው ሴት እያሰብኩ ስሄድ፣ ሳላስበው ከብዙ ዘመን በፊት የነበረው የአባታችን የጓዳ በር ፊቴ ድቅን አለ።

ያኔ ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች፤ ጎባዎችም ይህን እኛ ሮቤዎች ለአንድ አፍታ እንድንረሳው አይፈልጉም ነበር። ኑሪያን ለልጁ ሊጠይቅ የተነሳው ቤተሰብ ከዚያ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። ኑሪያ ልጁን ገበያ ላይ አይታዋለች። መውደዷን ያወቅኩት ስሙ በተነሳ ቁጥር ሻይዋ ላይ ስኳር እየደጋገመች ስትጨምር ነው።

ችግሩ ታላቅ ወንድማችን ከድር ነበር። ከድር ከጥቂት ቃላት በስተቀር አይናገርም፤ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፤ ሰው ሲነካው አይወድም። ሰፈሩ «ጅኒ ነው» ይላል። እናታችን «ዝምተኛ ነው» ትላለች። ዛሬ ያለው ስም ያኔ አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል፤ በቃ፣ እንዲህ ነበር የኖርነው። የጎባ ሰዎች ከድር የሚባል ልጅ መኖሩን አያውቁም። ቢያውቁ «በዘራቸው አለ» ብለው እንደሚመለሱ ማንም አልነገረንም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ሦስታችንም ጓዳ ገባን። ኑሪያ ልትታይ ስለማይገባት፣ ከድር መታየት ስለሌለበት፣ እኔ ደግሞ እሱን ልጠብቅ። ከሳሎኑ የሚለየን አንድ የጣውላ በር ነው። እናታችን የምትታመንበት መላ ነበራት፤ ትልቅ ሳህን ጩኮ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ሲቀርብለት ከድር ዓለምን ይረሳል።

«አፉ ከሞላ ድምፅ የለም። እንዳያልቅበት ብቻ እያየሽ ጨምሪለት» አለችኝ።

ወይ የሽማግሌ ነገር! ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ገብሱ አወሩ። ዲንሾ ላይ አውቶቡስ ስላስቆመው ጭቃ አወሩ። እኔ ሳህኑን እያየሁ በሆዴ «ወደ ጉዳዩ ግቡ እንጂ!» እላለሁ። ከድር ጩኮውን በጣቱ እያድቦለቦለ ሳህኑ ዳር ይደረድርና አንድ በአንድ ይጎርሳል። ኑሪያ እጄን ይዛለች። በመጨረሻ አባታችን «አላህ ካለ እኛ ምን እንላለን፤ እሺ» ሲል ሰማን። ኑሪያ ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ፣ ተረፍን አልኩ።

ዱዓውን ረስቼው ነበር።

ዱዓ እንዲያደርጉ የመጡት ሐጂ ሙሳ የሚባሉ የዲንሾ ሽማግሌ ነበሩ። «እንግዲህ እጃችንን እንዘርጋ» ሲሉ ከድር ወደ አፉ ያደረሰውን ጩኮ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ ጠረገና መዳፎቹን ዘረጋ። ዱዓ ላይ አይበላም፤ ይህን ከልጅነቱ ያስተማረችው ራሷ እናታችን ናት። ከድር ደግሞ አንዴ የያዘውን አይለቅም። ሳህኑን አስጠጋሁለት፣ ፊቱን አዞረ። አፉን ልይዘው ብዬ ከነካሁት እንደሚጮህ ሳስብ እጄ አየር ላይ ቀረ።

«አሚን!»

ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ።

«ጓዳ ማን አለ?» አሉ የልጁ አባት።

«የጎረቤት ልጅ ነው» አለ አባታችን። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«ኮቱ፣ ና በሉት እንጂ!» አሉ ሐጂ ሙሳ። «መጥቶ ዱዓው ይድረሰው።»

«አሁን ወጥቷል፣ ሄዷል።»

ከድር መዳፉን አላጠፈም። ዱዓው ገና አልተዘጋማ። «አሚን!» አለ ደግሞ።

ኑሪያ ተነሳች። ቀሚሷን ያዝኩ።

«ኑሪያ፣ በአላህ ተይ! እነሱ እስኪሄዱ ብቻ!»

«ቀሚሴን ልቀቂ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ፊቷ ግን ደም አልነበረበትም። ሙሽራ ሽማግሌ ፊት መውጣቷ ብቻውን ነውር ነው፤ እሷ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ መሀላቸው ቆመች።

«ወንድሜ ነው» አለች። «ከድር ይባላል። የእናቴና የአባቴ ልጅ ነው።»

አባታችን ምንጣፉን ያያል። እናታችን ሻርፗን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። የልጁ አባት ከድርን አዩት፣ ኑሪያን አዩዋት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱ። «እስቲ እናስብበት» አሉ። በሽምግልና ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ጫማ ፍለጋ ሲተረማመሱ ሐጂ ሙሳ ብቻ ካሉበት አልተነሱም። የከድርን የተዘረጋ መዳፍ ያዩ ነበር። እጃቸውን መልሰው አነሱና ያቋረጡትን ዱዓ ቀጠሉ። ከድር በየመሀሉ «አሚን» አለ፤ ሲያበቁ ፊቱን አበሰና ወደ ጩኮው ተመለሰ።

«እኔም ቤት አንዲት ልጅ አለች» አሉ ሐጂ ሙሳ፣ ወደ አባታችን ጎንበስ ብለው። «ሙኒራ ትባላለች። ጎረቤቴ እንኳ አያውቃትም።»

ከውጭ «ሐጂ፣ እንሂድ!» አሏቸው። ሄዱ።

ሰርጉ ቀረ። ኑሪያ ስንት ሌሊት እንዳለቀሰች ግድግዳውና እኔ እናውቃለን። ሻይዋንም ያለ ስኳር ትጠጣ ጀመር። ግን አንድ የገበያ ቀን ሐጂ ሙሳ ከዲንሾው አውቶቡስ ሲወርዱ አየናቸው። በጋቢ የተጠቀለለች ወጣት እየጎተቱ ነው፤ ትጮሃለች፣ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያያል፣ የሐጂ ግንባር በላብ ርሷል። ቤት አስገባናቸው። ከድርና ሙኒራ አልተጨዋወቱም፤ ያ እንዳይመስላችሁ። ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፤ እሱ ጩኮውን ይደረድራል፣ እሷ የገብስ አገዳ ትጠመዝዛለች። ጩኸቷ ቆመ። ማምሻው ላይ ሐጂ «እንሂድ» ሲሏት አልነሳም አለች። እኚያ ትልቅ ሰው እፊታችን አለቀሱ። በሳምንቱ ተመለሱ፤ ቆይቶ ሌላም ሰው መጣ። ኑሪያም ኋላ የሮቤ ሰው አገባች፤ የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎቹን ሳሎን ተቀምጦ የጠበቃቸው ከድር ነው።

ስደርስ ሴትየዋ እዚያው በር ላይ ናት። የልጅቷን ፊት በሻርፕ ሸፍናለች። ኑሪያ ይህንኑ ታሪክ ነግራት መጨረሷ ነበር።

«እኔ እኮ ለራሴ አይደለም» አለች ሴትየዋ። «ታላቋን ልጄን ሊጠይቁ ነው። ሰው ካየን… ታዲያ የእርስዎ ሰርግ ቀረ?»

ኑሪያ አንድ ማጽናኛ ትጨምርበታለች ብዬ ጠበቅኩ። ኋላ እንዳገባች፣ አላህ የተሻለ እንደሰጣት፣ አንድ ነገር።

«ቀረ» አለች ብቻ። ጎንበስ ብላ በሩ ሥር የተደረደረውን ጫማ ወደ ጎን ገፋ ገፋ አደረገችና ለሁለት ሰው ጫማ የሚሆን ቦታ ከፈተች።

ከውስጥ አንድ አባት ዱዓ ጀመሩ። «አሚን!» አለ ከድር፤ ሸብቶም ድምፁ ያው ነው። ልጅቷ ሻርፑን ከፊቷ ገፍፋ ድምፁ ወደመጣበት ዞረች፤ በእናቷ ክንድ ሥር ሾልካም ገባች። እናትየዋም ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።