የጳጉሜ ካርዶች

ዲላ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አንድ ቁልፍና አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ኮምፒውተሩ ከቆመ ካርድ ክፍል ይቆማል፣ ካርድ ክፍል ከቆመ እትዬ ብርቄ ይቆጣሉ። የእናቶች ክሊኒክ ነበር፤ ዛሬ ተዘግቷል።

እትዬ ብርቄ የካርድ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የወረቀት ካርዱን በሙሉ ወደ ኤክስኤምኤል ዳታቤዝ፣ ካርዱ በኮምፒውተር ጽሑፍ ወደሚቀመጥበት ቋት፣ የገለበጡት እሳቸው ናቸው፣ ያውም በሁለት ጣት። ወረቀቱን ኋላ ምስጥ በላው። ፕሮግራሙ ቅጹ ላይ የሞላነውን እየገጣጠመ መጠይቁን፣ ማለት ካርዱን ከዳታቤዙ የሚፈልግበትን ትእዛዝ፣ እዚያው ይሠራል፤ የካርድ ቁጥር ከሌለ ስምና የመጡበት ቀን ግድ ነው።

በሦስተኛው ወር ዲስኩ ሞላ። የሞላው ሎጉ ነው፤ ፕሮግራሙ የሠራውንና የተሳሳተውን የሚጽፍበት መዝገብ። እንዳይጽፍ ዘጋሁትና ተገላገልኩ። ጎበዝ የሆንኩም መስሎኝ ነበር።

በዓመቱ አንድ ጠዋት ምጥ የጠናባት ሴት ከቡሌ መጣች። ኦፕራሲዮን ግድ ሆነ። ባሏ የያዘው አሮጌ የቀጠሮ ወረቀት ዝናብ መትቶት ቁጥሩ ጠፍቷል፤ ስሟና የመጣችበት ቀን ብቻ ይነበባል፣ ጳጉሜ ሦስት። ያን ጊዜ አንድ መርፌ ሊገድላት እንደነበር፣ የመርፌውን ስም ግን እንደማያውቅ ነገረን። ሐኪሙ ያንን ሳያውቅ ማደንዘዣ ማዘዝ ፈራ።

ኮምፒውተሩ «ካርድ አልተገኘም» አለ። ምናልባት ካርዷ ሳይገለበጥ ቀርቶ ይሆናል አልኩ።

«በእጄ ነው ያስገባኋት» አሉ እትዬ ብርቄ። «ማሽንህን ጠይቀው።»

የዘጋሁትን ሎግ እንዲጽፍ ከፍቼ እንደገና ፈለግሁ። አንድ መስመር ወጣ፤ ወር 13 የሚባል የለም ይላል። ፕሮግራሙ የፈረንጅ ነው፣ አሥራ ሁለት ወር ነው የሚያውቀው። ጳጉሜ ሲገባበት መጠይቁ ይሰበራል፤ ሠሪው ደግሞ ለማንኛውም ስህተት «አልተገኘም» እንዲል አድርጎታል። ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲያነጻጽር መጠይቁን ቀየርኩት። ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ በሦስተኛው ሠራ።

ካርዷ ወጣ። የመርፌው ስም በመጀመሪያው መስመር ተጽፏል። ሐኪሙ ሌላ አዘዘ፤ ከምሳ በፊት ሴት ልጅ ተገላገለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ፈተሽኩ። በጳጉሜ የመጡት በሙሉ አይገኙም ነበር፤ ሁለተኛው ወር በፈረንጅ ሠላሳ ቀን አይሞላምና ጥቅምት ሠላሳ የመጡትም ጭምር። ለእትዬ ብርቄ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዓመቱን ሙሉ እኮ» አሉኝ፣ «ካርድ በጠፋ ቁጥር እርጅና መጣብኝ፣ መርሳት ጀመርኩ ብዬ ዝም ያልኩት። ጡረታ ልጠይቅ ነበር።»

ሎጉን ባልዘጋው ስህተቱ ገና ድሮ ይታይ ነበር፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ይቅርታ ስጠይቃቸው ምሳ አልበላህም ብለው ይዘውኝ ወጡ፤ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አብረን ሠራን።

ዲስክ ሲሞላ አሮጌው ሎግ ይነሳል እንጂ ሎግ አይዘጋም። ማሽኑና ካርድ ክፍል ካልተስማሙ መጀመሪያ የሚመረመረው ማሽኑ ነው።