ነጩ ማር ውስጥ የደበቅሁት

የእናቴ ጥርስ ከተነቀለ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎታል፤ ደሙ ግን አልቆመም። ቦንጋ ባለች አንዲት ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ነርሷ የቀየረችላት ሦስተኛው ጥጥም ወዲያው ቀላ። ሐኪሙ ካርዷን ይዞ መጣና ከፊታችን ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ለልብዎ ከታዘዘልዎ አስፕሪን ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

እናቴ ራሷን ነቅንቃ የለም አለች። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ የምታውቂው አለ?»

የማውቀውማ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናቴ ቦንጋ ገበያ አርባ ዓመት ያህል ማር ሸጣለች። ከማንኪራ ጫካ የሚመጡት ንብ አናቢዎች ማራቸውን መጀመሪያ የሚያስቀምሱት እሷን ነው። በጣቷ ጫፍ ነካ ታደርግና «ይኼ የገተማ ዛፍ አበባ ነው፤ ይኼ ግራዋ ገብቶበታል፤ ይኼንን ውሰድልኝ፣ ስኳር ነው» ትላለች። የሚከራከራት የለም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን መርሳት ጀመረች። አንድ ቀን ባልዲ ሙሉ ማር ባጃጅ ላይ ትታ ባዶ እጇን ቤት ገባች። አንዱን ጥያቄ በአንድ ማለዳ ሦስት ጊዜ ትጠይቀኛለች። «እማዬ፣ እየረሳሽ ነው» ማለት አቃተኝ። እናቴ ረሳች ከምትባል ሰረቀች ብትባል ይሻላታል።

ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ብልቃጥ እንክብል ገዛሁ። ጊንኮ የሚባል ዛፍ ቅጠል ነው፣ በዕድሜ ለሚደክም አእምሮ ጥሩ ነው አሉኝ ሻጮቹ። ሐኪም አልጠየቅሁም። ቅጠል ምን ይጎዳል አልኩ፤ ተምሬ ቢሮ ውስጥ ሰው ሳሠለጥን የምውል ሴት ሆኜ! በየማለዳው እንክብሉን ከፍቼ ዱቄቱን በቂጣ በምትበላው ነጭ ማር ውስጥ አማስልላት ጀመር። ኩራቷን የጠበቅሁላት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቻት ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይታ ገበያ መውጣት ተወች። ለምን ስላት «ደክሞኛል» ብላ ፊቷን አዞረች። መርሳቱ ባሰባት ብዬ አንዱን እንክብል ሁለት አደረግሁት።

ሐኪሙ አሁንም እየጠበቀኝ ነው። ውጭ ወስጄ ልነግረው ብድግ ስል እናቴ ቀሚሴን ያዘች። ጣቶቿ ላይ ደም ነበር።

«እዚሁ ተናገሪ» አለች ጥጡን እንደነከሰች።

ተናገርኩ። ጊንኮውን፣ ማሩን፣ ሁለት ማድረጌን፣ ሁሉንም። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ፊቷን አላየሁም። ሐኪሙ ተነሣ። «ከአስፕሪን ጋር ሲሆን ደም እንዳይረጋ ሊያደርግ ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ይቁም» አለና ድዷን ሊሰፋላት ይዟት ገባ።

ስትወጣ ጥጡ ነጭ ነበር። ከአጠገቤ ተቀመጠች።

«ነጩ ማር ውስጥ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ እማዬ። እየረሳሽ ስለነበር...»

«መርሳቴን አውቃለሁ» አለች። «ነጩ ማር ሲመረኝ ጊዜ፣ ምላሴም ሞተ ብዬ ነው ገበያውን የተውኩት።»

በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስን። እንደገባን ከጓዳ ያልተነካ የማር ባልዲ አስመጣችና ክዳኑን አስከፈተችኝ። በጣቷ ጫፍ ነክታ ምላሷ ላይ አደረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ማንኪራ ነው» አለች። «ንጹህ የገተማ።»

ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ አለቀሰች።