የባልና የሚስት ሽቦ

እኔና ባሌ በአንድ ሰሞን የልብ ደም ሥራችን ጠቦ አዲስ አበባ ማስፊያ ሽቦ ተከተተልን። ሐኪሙ ሁለታችንንም «ዕረፉ!» ብሎ ሸኘን። አገራችን ንፋስ መውጫ ስንገባ ጠያቂው ቤቱን ሞላው። ባሌ ከአልጋው ቀና ሲል «ኧረ በሥላሴ ጋሼ፣ እንዳይነሱ!» ይሉታል። እኔ ሞኟ ሰው ወደደን ብዬ እየሳቅሁ ለጠያቂው ጠላ ስቀዳ፣ ወጥ ሳወጣ ከረምሁ። የሱ ወዝ ተመለሰ፤ እኔን ግን አንድ ቀን ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝና ከነጆጉ ተዘረርሁ። «ሽቦሽ ተደፍኗል» ተብዬ ሌላ ተጨመረልኝ።

ተመልሼ አልጋ እንደያዝሁ ያው ጠያቂ ገባ። «እሰይ፣ አሁን ተራዬ ነው!» ብዬ ትራሴን አደላደልሁ። ጎረቤቴ አበቡ እኔን አልፋ ሄዳ የባሌን እጅ ያዘች።

«አይዞዎት ጋሼ! ታዲያ ማን ሊያበስልልዎ ነው?»

«ኧረ ግድ የለም» አላት ባሌ፤ «ነገ ትነሳለች።»