የቡናማው ጫማ ባለቤት

አይዘጋም። ትናንት ከሥራ መልስ፣ እኔው ሳሎን ውስጥ፣ እጅ ወጥቶ ተወስኗል። ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች በእኛ መንገድ ከተሰማ ስንት ጊዜው ነው፤ ስለዚህ የማን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት አንዴ ልድገመው፤ አይዘጋም።

የማይዘጋው የእትዬ ዝላትካ መስኮት ነው። እትዬ ዝላትካ ከሕንፃችን ምድር ቤት ሆነው፣ ከእግረኛ መንገዱ እኩል በተከፈተች መስኮት ቢራ፣ ሲጋራ፣ ዋፈር፣ የሱፍ ፍሬና የትራም ትኬት ይሸጣሉ። ገዢው ቁጢጥ ይላል፣ እሳቸው ደግሞ ውስጥ ቆመው ቀና ይላሉ። የቁጢጥ ሱቅ እንለዋለን። ድሮ በከተማችን በሶፊያ በየመንገዱ ነበር፤ ዛሬ በእኛ ሰፈር የቀረው የሳቸው ብቻ ነው።

ያ ምድር ቤት ያላየው የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ፣ እናቴ ትንሽ ልጅ ሆና ከጎረቤት ጋር የተደበቀችው እዚያ ነው። ኋላ የድንጋይ ከሰል ማስቀመጫ ሆነ። በኔ ልጅነት ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለክረምት የሚሆን ጎመን በበርሜል ያኮመጥጥበት ነበር፤ ሽታው እስከ አምስተኛ ፎቅ ይወጣል። ከዚያ መንግሥት ተለወጠና እትዬ ዝላትካ የሚሠሩበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋ። ሱቅ ለመከራየት አቅም የላቸውም፤ የምድር ቤት ጥግ ግን አላጡም። በዚያን ዘመን ግማሹ ከተማ እንዲሁ መስኮቱን ከፍቶ መሸጥ ጀመረ።

እኛ ሶፊያዎች እንዲህ ነን መሰለኝ። ክፉ ቀን ሲመጣ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወርደን እዚያው ኑሮ እንጀምራለን። ለምድር ውስጥ ባቡሩ ዋሻ ሲቆፈር የሮማውያን ጎዳና ወጣ፤ ዛሬ ሰዉ ወደ ሥራ ሲሮጥ በዚያ ድንጋይ ጥግ ነው የሚያልፈው፣ ቀና ብሎም አያየው። መሃል ከተማ ያለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ከመንገዱ በታች ሰምጣ ነው የምትታየው። ጀሪካን ይዘን የምንሰለፍለት ፍል ውሃም የሚመጣው ከሥር ነው። የከተማችን ዓርማ ላይ «ታድጋለች እንጂ አታረጅም» ተብሎ ተጽፏል። እትዬ ዝላትካ ይህ ሲነሳ፣ «እኔ ደግሞ አረጃለሁ እንጂ አላድግም፤ ዕድሜዬን በሙሉ ከሰው ጉልበት በታች ነኝ» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። የሰው ፊት ከማየታቸው በፊት ጫማውን ያያሉ፤ ጉልበቱ አልታጠፍ የሚለውማ ፊቱን ጨርሶ አያሳያቸውም፣ እጁን ብቻ ይልካል። ስለዚህ ሰውን በጫማው ነው የሚጠሩት። እኔ ራሴ ስሜን እስኪያውቁ ድረስ «ባለ ዘለበቷ» ነበርኩ።

ከሁሉ የሚወዱት ደንበኛ «ቡናማው» ነው። ቡናማው አይናገርም፤ በጃንጥላው ጫፍ መስታወቱን ቆርቆር አድርጎ ዋፈሩን ያመለክታል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። አንድ ጊዜ እትዬ ዝላትካ ከታች ሆነው፣ «አንተ ቡናማው፣ የግራ ተረከዝህ አልቋል፣ በረዶ ላይ ትወድቃለህ» አሉት። በማግስቱ አዲስ ተረከዝ አስመትቶ መጣ። ሌላም አለ። በክረምት፣ እሳቸው ከሚኖሩበት ከሊዩሊን ሰፈር በባቡር መጥተው መስኮቱን ሳይከፍቱ፣ መስኮታቸው ደጃፍ ያለውን በረዶ አንድ ሰው ጠርጎት ይቆያል። ኋላ አንድ ቀን ቀደም ብለው ሲገቡ በመስኮቱ ያዩት ሁለት ቡናማ ጫማና መጥረጊያ ነው።

«ሩመና፣ ይሄ ሰው ማነው?» ይሉኛል።

«እኔ የሰው እግር አላይም፣ እትዬ። ደግሞ ቡናማ ጫማ የማያደርግ ወንድ የት አለ።»

በዚህ መሃል የሕንፃው መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ግድግዳችን ብርድ እንዳያስገባ ከውጭ በፎም ሊለበስ ስለሆነ፣ የምድር ቤቱም መስኮት አብሮ እንዲደፈን ሐሳብ ቀርቧል፤ ባለቤቶች ሁሉ ለስብሰባ እንዲገኙ። ከሥሩ የሊቀመንበራችን የኢንጂነር ፓንቼቭ ፊርማ አለ።

እትዬ ዝላትካ ፓንቼቭን አይተዋቸው አያውቁም፤ የሳቸው በር በጓሮ በኩል ነው። «እንደው ምን አድርጌው ነው ይሄ ሰውዬ?» አሉኝ። «በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ቤት ቁጭ ብዬ ከግድግዳ ጋር ላውራ?» እንደ ሁልጊዜው ሊቀልዱ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ስብሰባው እኔ ቤት ስለሆነ ይምጡና ይናገሩ አልኳቸው።

እንግዲህ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ደጃፍ ያወልቃል፤ ባለቤቷ የቤት ነጠላ ጫማ ታቀርባለች። እኔም ያለኝን ሁሉ፣ የሟች አባቴን ሳይቀር፣ አወጣሁ። እትዬ ዝላትካ መጨረሻ ደረሱ። ወደ ሳሎን ከመግባታቸው በፊት ኮሪደሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ጎንበስ ብለው ያዩ ጀመር፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው።

«የሦስተኛ ፎቋ መጥታለች። ጋሼ ኮልዮም አሉ፤ ዛሬም ክራቸው እንደተፈታ ነው።» ጥጉ ጋ፣ ለብቻው፣ ንጹሕ ቡናማ ጫማ ቆሟል። ክንዴን ያዙኝ። «መጥቷል፣ ሩመና። እሱ ካለ አልዘጋም።»

ሳሎን ሲገቡ ግን ግራ ተጋቡ። ሁሉም በኔ ነጠላ ጫማ ተቀምጧል። «ሁላችሁም አንድ ሆናችሁብኛል» ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ።

ኢንጂነር ፓንቼቭ ተነሱ። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል የማይለዋወጡ ሰው ናቸው። ውሃ በመስኮቱ በኩል እየሰረገ መሠረቱን እንዳረጠበው በእርጋታ አስረዱ። «ከማንም ጋር ጠብ የለኝም» አሉ። «መሠረት ግን መሠረት ነው።»

የአምስተኛ ፎቋ ሴትዮ ቀበል አድርገው ቢራ ጠጪዎቹ መስኮቱ ሥር እየተቀመጡ እንቅልፍ እንደነሷቸው ተናገሩ። ጋሼ ኮልዮ፣ የድሮው የትራም ነጂ፣ «እኔን ነው የምትዪው፣ ስሜን ጥሪው» አሏቸው። ሰው ሳቀ።

እትዬ ዝላትካ ሳይነሱ ነው የተናገሩት። «እኔ መናገር አልችልበትም። ግን እዚህ ውስጥ አንድ ሰው አለ፣ ፊቱን አላውቀውም። ክረምቱን ሙሉ በረዶዬን የሚጠርግልኝ ሰው ነው። ጫማውን ደጅ አይቼዋለሁ፣ ቡናማው። ሰው ሳያየው ደግ የሚሠራ ሰው አይዋሽም። እሱ ይናገርልኝ። እሱ ይዘጋ ካለ፣ እኔም እሺ ብዬ እቃዬን እሰበስባለሁ።»

ሁሉም እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ቆየት ብሎ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ ሊቀመንበሩ ዞርን፤ ምክንያቱም የፓንቼቭ ጆሮ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

«ጫማው የኔ ነው» አሉ።

እትዬ ዝላትካ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አንድ ስህተት ግን ላርም» አሉ ኢንጂነሩ፣ አይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው። «በረዶውን የጠረግኩት ለእርስዎ ብዬ አልነበረም። ሲቀልጥ ወደ ግድግዳው እንዳይገባ ነው። ደግነት አልነበረም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ በቃ አለቀ ብዬ ነበር። እንዲህ ሐቁን ከሚናገር ቅን ሰው ትንሽ የሚዋሽ ይሻል ነበር።

እትዬ ዝላትካ ግን ትንሽ አሰቡና፣ «ለግድግዳውም ይሁን» አሉ። «እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ስገባ ሰው ያሰበልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። ያንን ደስታ አሁን መልሼ አልሰጥዎትም።»

ፓንቼቭ ቁጭ አሉ። ከዚያ ደግሞ ተነሱ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ስለ ተረከዙ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት» አሉ። ሌላ ሰው ምን ለማለት እንደፈለጉ ላይገባው ይችላል። «ማንም አልነገረኝም ነበር። ከስንት ሰው ጋር በአሳንሰር ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ሊያዩት ይችሉ ነበር።»

እኔ ነጠላ ጫማዬን አየሁ። በዚያ አሳንሰር እኔም አለሁበት።

ከዚያ ኢንጂነሩ እንደ ኢንጂነር ሆኑ። እርሳስ ጠየቁኝ፤ የመስኮቱን ደፍ በድንጋይ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ውሃውን በጠባብ ቦይ ወደ መንገድ መመለስ እንደሚቻል፣ ፎሙም መስኮቱ ጋ ሲደርስ እንዲያቆም በማስታወቂያው ጀርባ ላይ ሣሉ። «ለምን ቀድሜ አላሰብኩትም?» አሉ፣ ለራሳቸው።

«ቁጢጥ ብለህ አይተኸው ስለማታውቅ ነዋ» አሏቸው ጋሼ ኮልዮ።

እጅ ወጣ። የአምስተኛ ፎቋ ሴትዮ ብቻ አላወጡም፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ጋሼ ኮልዮ ግን ከእንግዲህ ቢራቸውን ቤታቸው እንደሚጠጡ ቃል ገብተውላቸዋል፤ እናያለን።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ምን አየሁ መሰላችሁ? ኢንጂነር ፓንቼቭ መስኮቱ ጋ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ቁጢጥ ሲሉ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። እትዬ ዝላትካ ከውስጥ ቀና ብለው ፊታቸውን በደንብ አዩት።

«አንተ ነህ እንዴ ቡናማው?» አሉ። «ጫማህ ከፊትህ ይልቅ ወጣት ነው።»

«ጫማዬን የሚከታተልልኝ ሰው አለ» አሉ ኢንጂነሩ። ያ ሰው ሲቀልድ ሰማሁ ብል ማን ያምነኛል።

ከዚያ መነሳት አቃታቸው። በአንድ ክንድ እኔ፣ በሌላው በዚያ የሚያልፍ ፖስተኛ ሆነን አነሳናቸው፤ እትዬ ዝላትካ ከታች «ቀስ፣ ተረከዙን» እያሉ ያዙናል።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ፔትራና እስካሁን አልሰማችም። ትናንት ልጇ ዘንድ ነበረች፤ ማስታወቂያው ከተለጠፈ ጀምሮ ስታለቅስ የከረመችው ደግሞ እሷ ናት። ሱቋን ለምሳ ከመዝጋቷ በፊት ልድረስባት። ጫማዬ የት ሄደ?